ልጄ በጥቅምት ብርድ «ትምህርት ቤት አልሄድም» አለች

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ አራት ዓመቷ ነው፤ መስከረም ላይ ኬጂ ጀመረች። ትንሹ ዘጠኝ ወሩ ነው። ሰርቪሱ ልጅቷን የሚወስዳት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እየዘፈነች ሄደች። ጥቅምት ከገባ ወዲህ ግን በየቀኑ ለቅሶ ሆነ። «እግሬን በረደኝ» ትላለች። ቁርስ አትቀምስም። ማታ አባቷን ጠብቃ ስትጫወት 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል የምትተኛው። ከመስከረም ወዲህ ሦስት ጊዜ ጉንፋን ይዟታል፤ ከእሷ ደግሞ ወደ ትንሹ ይተላለፋል።

አማቴ ከክፍለ ሀገር መጥተው አብረውን ናቸው። ሥራ ስውል ትንሹን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን ብርድ በጣም ይፈራሉ። መስኮት አይከፈትም፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስም ውጭ አትወጣም። ማታ ማታ ቡና የፈላበትን ከሰል እንድንሞቀው ብለው ሳሎን ውስጥ ያቆዩታል። ለትንሹ ሳል ደግሞ ማር ያስልሱታል። ምን ብዬ እንደምናገራቸው ጨነቀኝ። ባለቤቴ «ልጅቷ እስከ ጥር ቤት ትቆይ» ይላል። ምን ይመክሩኛል? ኅዳር 12ም እየመጣ ነው፤ ሰፈራችን ጭስ በጭስ ነው የሚሆነው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከጀሞ

መልስ፦

እህቴ፣ ከከሰሉ ልጀምር። ሌላው ሁሉ ይደርሳል፤ ይሄ ግን ለነገ አይባልም።

ከሰል ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ብዙዎቻችን «አሁን ምንም የለውም» እንላለን። ፍሙም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲጠራቀም መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ከዚያ እንቅልፍ ይጥላል። ተኝተው ያልተነሱ ሰዎች አሉ። አንቺ ራስሽን ሲያምሽ «አመመኝ» ትያለሽ። የዘጠኝ ወር ልጅ ምን ብሎ ይናገራል? ስለዚህ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ካልሆነም በርና መስኮት ተከፍቶ ይፈላ፣ ፍሙም ወዲያው ይውጣ። ለሙቀት ጋቢ ደርቡ። ከሰል የበራበት ቤት ውስጥ ማንም እንዳይተኛ።

ማሩም እንደዚሁ ነው። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፤ ለቅምሻም ቢሆን። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ ዓይነት የባክቴሪያ ዘር አለ። የእኛ አንጀት ያሸንፈዋል፤ የሕፃን አንጀት ግን ገና አልጠነከረም። በሽታው ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን ሕፃኑ ሰውነቱ ይዝላል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ መተንፈስም እስኪቸግረው ሊደርስ ይችላል። ለአራት ዓመቷ ልጅሽ ግን ማር ጥሩ የሳል ማስታገሻ ነው። ስለዚህ አማትሽን «ማር አይስጡ» ከማለት «ማሩን ለትልቋ ማታ ማታ አንድ ማንኪያ ይስጡልን፣ ለትንሹ ልደቱ እስኪደርስ ይቆይለት» በያቸው። የከሰሉን ነገር ደግሞ ባለቤትሽ ይንገራቸው። የወለዱት ልጅ «እማዬ፣ ለልጆቼ ፈራሁ» ሲላቸው አይቀየሙም። ከአንቺ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ትርጉም ሊይዝ ይችላል። እኔም ከአማቴ ጋር ስድስት ዓመት አብሬ ኖሬያለሁና አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ።

22 ዓመት ኬጂ አስተምሬያለሁ። በመስከረም የሚያለቅስ ልጅ ብዙ ነው፤ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ይለምዳል። ያንቺ ልጅ ግን መጀመሪያ እየዘፈነች ሄዳ ጥቅምት ላይ ነው ማልቀስ የጀመረችው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ጠልታ አይመስለኝም። ሁለት ነገር ይታየኛል።

አንደኛው እንቅልፍ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ልጅሽ 3 ሰዓት ተኩል ተኝታ ንጋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ትቀሰቀሳለች። ስምንት ሰዓት ገደማ ነው የምትተኛው ማለት ነው። እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ደግሞ ብርዱ ይበረታበታል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ በትንሹም በትልቁም ያለቅሳል። መስከረም ላይ የአዲስ ዩኒፎርምና የአዲስ ቦርሳ ደስታ ይዟት ነበር። አሁን ድካሙ ተጠራቅሟል።

ግቡ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እንድትተኛ ነው። በአንድ ቀን አይሆንም። በየሁለት በየሦስት ቀኑ የመኝታዋን ሰዓት በሩብ ሰዓት ቀደም አድርጊው። ራቷን አማትሽ 12 ሰዓት ላይ ያብሏት፤ አንቺ ከትራፊክ ወጥተሽ እስክትደርሺ አትጠብቅሽ። ባለቤትሽ «ታዲያ እኔ መቼ ላያት ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ጠዋቱን ለእሱ ስጪው። አራቱን ፎቅ እጇን ይዞ ያውርዳት፣ ሰርቪሱ እስኪመጣ አብሯት ይቁም። ያቺ አሥር ደቂቃ የሁለቱ ብቻ ትሁን። ማታ ደክሞት ስልኩን እያየ ከሚያጫውታት ትበልጣለች።

ሁለተኛው ትንሹ ልጅ ነው። የኔ ሁለተኛ ልጅ ልክ እንደ ልጅሽ በየጠዋቱ «እግሬን በረደኝ» ይል ነበር። ሁለት ካልሲ አደረግሁለት፣ ቦት ጫማ ገዛሁለት፤ ለቅሶው አልቆመም። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ «እሷ ለምንድነው የማይበርዳት?» አለኝ። እሷ የሚላት በአያቷ ጋቢ ተጠቅልላ የተኛችውን ታናሽ እህቱን ነው። ያን ቀን ልቤ ተነካ። ልጄ የሚለው «እኔን ወደ ብርዱ ትልኩኛላችሁ፣ እሷ ሙቀት ውስጥ ትቀራለች» ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሥራ ሰጠሁት፤ መጋረጃውን ገልጦ ለእህቱ «ነጋ» ብሎ የሚነግራት እሱ ሆነ። በሳምንቱ ለቅሶው ቀነሰ። ያንቺም ልጅ ስትወጣ ወንድሟ በአያቱ እቅፍ ሆኖ በር ድረስ ይሸኛት። ስትለያትም ተደብቀሽ አትጥፊ። «ደህና ዋይ፣ ስትመለሺ አያትሽ በረንዳ ላይ ይጠብቁሻል» በያት፤ እውነትም ይጠብቋት።

ብርዱ ግን የለም እያልኩሽ አይደለም። ክረምቱን ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖን ከርሟል። አሁን ሰማዩ ጠርቷል፣ ቀን የሞቀው መሬት ሙቀቱን ሌሊት ወደ ላይ ይለቀዋል። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ውስጥ በጥቅምትና በኅዳር ንጋት ላይ ከ10 ዲግሪ በታች ሆኖ ቀትር ላይ ከ20 የሚያልፈው። (በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ይህን ወቅት ጸደይ ይለዋል። በአገራችን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው። ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ለልጆቻችሁ ትክክለኛ ስሙን አስተምሯቸው፤ ደስ የሚል ስም ነው።) ስለዚህ አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ አታልብሻት። ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ፣ ከላይ ዩኒፎርሙ፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከዚያ ቀለል ያለ ጃኬት። ረፋዱ ላይ አንድ በአንድ ታወልቀዋለች። ለአስተማሪዋም ንገሪያት፤ ልጆች ተጫውተው ሲያልባቸው ራሳቸው ማውለቅ ይረሳሉ። ዩኒፎርሟን ማታ ብርድ ልብሷ ሥር አድርጊው፣ ጠዋት ሞቆ ይጠብቃታል። ይህቺን ትንሽ ነገር ብዙ እናቶች ነግሬያቸው አመስግነውኛል።

ቁርሱን ግድ አትበያት። ገና ከእንቅልፉ የተነሳ ልጅ ሆዱ አይከፈትም። ግማሽ ስኒ ለብ ያለ አጥሚት ከጠጣች ይበቃል፤ የቀረውን ምሳ ዕቃዋ ውስጥ አድርጊላት፣ ረፋድ ላይ ትበላዋለች። ዋናው ራቷ ነው። አባቶች «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ለዚሁ ጊዜ ነው። የአጥንት ሾርባ ከካሮትና ከድንች ጋር አብስለሽ እንጀራ ፍትፍት አድርጊላት። አጥንት ከጠፋ ምስር ክክ ሾርባም ያው ያሞቃል። ቆሎና ኦቾሎኒ ግን ከትንሹ እጅ ይራቁ፤ የሕፃን ጉሮሮ ይዘጋሉ።

ጉንፋኑ ደግሞ የመስኮቱን ጉዳይ ያመጣል። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ኬጂ የጀመረ ልጅ በዓመት ስድስት ሰባት ጊዜ ቢይዘው የተለመደ ነው፤ ገና ከበሽታው ጋር እየተዋወቀ ነውና። አምስት ሰው በተዘጋ ክፍል ሲተነፍስ ግን ቫይረሱ ከአንዱ ወደ አንዱ በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሲሞቅ፣ መስኮቱ ግማሽ ሰዓት ይከፈት። ልጅቷ ስትመለስ እጇን በሳሙና ታጥባ ነው ወንድሟን የምታቅፈው።

ከሰዓት በኋላም ውጭ ትውጣ። እህቴ፣ በዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምለምንሽ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ዝናቡ ቤት ዘግቶባቸዋል። መጸው የልጆች ወቅት ነው። ጭቃው ደርቋል፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ንጹሕ ነው። አማትሽ ከክፍለ ሀገር እንደመጡ ጽፈሻል። አራተኛ ፎቅ ላይ ተዘግተው መዋል ለእሳቸውም የሚከብድ ይመስለኛል። ትንሹን ይዘው ወደ ግቢው ይውረዱ፣ ፀሐይ ያሙቁት፤ በመስታወት በኩል የሚገባው ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ለአጥንቱ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ አይሰጠውም። ልጅቷም አጠገባቸው ትሩጥ። «የገጠር እሸት አስታውሰው ይንገሯት» በያቸው። የሽንብራ እሸት ሲመጣ ገዝተው አብረው ይፈልፍሉ። ለትንሹ እንዳይደርስ ብቻ ይጠንቀቁ።

ሐኪም ጋ የምትሮጪበትን ምልክት ልንገርሽ። ትንሹ በተረጋጋበት ሰዓት ልብሱን ገልጠሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሪ። ለእሱ ዕድሜ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ለትልቋ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍሱ የደረታቸው ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከደነዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠውም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ የቤት መድኃኒት እየሞከራችሁ አትቆዩ።

እስከ ጥር ቤት ትቆይ የሚለውን አልስማማበትም። ጥር ላይ እንደ አዲስ ትጀምራለች፣ ጓደኞቿም ተላምደው ይጠብቋታል። ይልቅ የሰርቪሱን ሹፌር አነጋግሩት። መጀመሪያ የምትወሰደው እሷ ከሆነች ከሌላ ልጅ ጋር በየወሩ ተራ መቀያየር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ሃያ ደቂቃ እንኳ ብታገኙ ትልቅ ነገር ነው።

ኅዳር 12ን በተመለከተ። አያቴ የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ሲገባ ልጅ ነበረች። ቤተሰቡ ሁሉ ወድቆ ውኃ የሚያቀብል ሰው የጠፋበትን ጊዜ እያለቀሰች ትነግረን ነበር። ያ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የዳኑት። የዚያ ጊዜ ሰው ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠሉ የታመመውን አየር ለማጥራት ብሎ ነው፤ አልፈርድበትም። ዛሬ የሚቃጠለው ግን ፌስታልና ፕላስቲክ ነው። የእሱ ጭስ ለሕፃን ሳንባ መርዝ ነው። በዚያ ቀን ቆሻሻ መጥረጉን ከሰፈሩ ጋር ጥረጉ፣ ማቃጠሉ ላይ አትተባበሩ። ለጎረቤቶችሽም ከአሁኑ ንገሪያቸው። ጭስ ከተነሳ ግን ልጆቹን አስገብተሽ መስኮቱን ዝጊ፤ መዝጋት የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። በበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ አድርጊ። ማግስቱን ጠዋት ጭሱ ሲበተን ሁሉንም መስኮት ክፈቺው።