የአያቴን ተዝካር እንዴት ላውጣ?

ጥያቄ፦ በሰው አገር በቤት ሠራተኛነት የምኖር ነኝ። ያሳደጉኝ አያቴ በቅርቡ ዐረፉ፤ ለቀብራቸውም አልደረስኩም። ዳዊት ሳይደግሙ እህል የማይቀምሱ፣ ወር በገባ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ጽዋ ሲጠጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ዘመዶቼ «አርባቸውን ድንኳን ተክለን፣ በሬ ጥለን እናውጣ፤ ገንዘብ ላኪ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ካልተበደርኩ የለኝም። ቀኑም ዐቢይ ጾም ላይ ይውላል። ምን ላድርግ? ፎቶግራፋቸውን ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ አድርጌ በፊቱ ብጸልይስ? ዳዊታቸውንስ ማን ይውሰደው?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እኅታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የአባታችንንም ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ማዘንሽ እምነት ማጣት አይደለም፤ ዮሴፍም በአባቱ ፊት ላይ ወድቆ አልቅሷል (ዘፍ. 50፥1)። ሐዋርያው የከለከለው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ማዘንን ነው (1 ተሰ. 4፥13)። ለቀብሩ አለመድረስሽም ቢሆን ከአያትሽ ጋር ያለሽን የጸሎት አንድነት አያቋርጠውም፤ ጌታችን ለሰዱቃውያን እንደመለሰላቸው እግዚአብሔር የሕያዋን አምላክ እንጂ የሙታን አይደለምና (ማቴ. 22፥32)።

ቤተ ክርስቲያናችን ያረፉትን በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ ከዚያም በመንፈቅና በሙት ዓመት ታስባለች። 3ኛው ቀን የጌታችንን ትንሣኤ፣ 40ኛው ዕርገቱን ያስታውሰናል፤ እስራኤልም ለሙሴ 30 ቀን አልቅሰውለታል (ዘዳ. 34፥8)። በእነዚህ ቀናት ዋናው ነገር ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴውና ምጽዋቱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሳለ ስለረዳውና ብዙዎች በዚያን ጊዜ ዐርፎ ነበር ስለሚሉት ስለ ሄኔሲፎሩ ሲጽፍ በዚያን ቀን፣ በፍርድ ቀን ማለት ነው፣ ከጌታ ምሕረትን እንዲያገኝ ለምኖለታል (2 ጢሞ. 1፥18)፤ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም የፊልጵስዩስን መልእክት ሲተረጉም በቅዱስ ቍርባን ጊዜ ያረፉትን ማሰብ ለእነርሱ እጅግ የሚጠቅም መሆኑን፣ ሥርዓቱም ከሐዋርያት የመጣ መሆኑን አስተምሯል።

እንግዲህ ድንኳኑና በሬው የት ላይ ይገባሉ? በተዝካር ቀን የሚቀርበው ማዕድ በሟቹ ስም የሚሰጥ ምጽዋት ነው። ድሮም ቢሆን ተዝካሩ የካህናቱ፣ የድሆቹና የአብነት ተማሪው ነበር፤ የቆሎ ተማሪ ተዝካር የወጣበትን ቤት ለይቶ የሚያውቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ ግን በብዙ ቦታ ዘመድና ጎረቤት በድንኳኑ ውስጥ ደጋግሞ እየተጋበዘ፣ ነዳያኑ ከአጥሩ ውጭ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ጌታችን ግብዣ ስታደርግ መልሰው የሚጠሩህን ሳይሆን ብድራት መመለስ የማይችሉትን ጥራ ያለው (ሉቃ. 14፥12-14) ለዚህ ዓይነቱ ማዕድ ይልቁን የሚስማማ ትእዛዝ ነው። ይህን ስል «ተዝካርን ነቀፈ» የሚለኝ አይጠፋም፤ የምነቅፈው ግን ተዝካሩን ሳይሆን ይሉኝታውን ነው። ያለው ሰው አብዝቶ ቢያበላ ይመሰገናል፤ የሌለው ሰው ተበድሮ እንዲደግስ የሚያዝ ሥርዓት ግን በቤተ ክርስቲያን የለም። ስለዚህ አትበደሪ። ከደመወዝሽ የምትችዪውን ላኪና ከፊሉ ለቅዳሴው መባ፣ ዕጣን፣ ዘቢብና ጧፍ፣ የቀረው ደግሞ ለነዳያን ማዕድና በአቅራቢያው ጉባኤ ቤት (የአብነት ትምህርት ቤት) ካለ ለተማሪዎቹ ስንቅ እንዲውል ለቤተ ሰቦችሽ በግልጽ ንገሪያቸው። ቅር የሚላቸው ይኖራሉ፤ ነገሩን የንስሐ አባታቸው ቢያስረዷቸው ከአንቺ ይልቅ ይሰሟቸዋል።

ቀኑ በዐቢይ ጾም መዋሉም ይህን ያቀልልሻል እንጂ አያከብድብሽም። በጾም በሬ አይጣልም፤ ቅዳሜና እሑድ ቢውልም ያው ነው። ዳቦ፣ ንፍሮና የሽሮ ወጥ በቂ ነው። በአዘቦቱ ቀን ቅዳሴው የሚያልቀው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ማዕዱም ከዚያ ወዲህ ይሁን። «ፋሲካን ጠብቀን በሬውን ያኔ እንጥላለን» ብሎ ጸሎቱን አብሮ ማዘግየት ግን ለሟቹ ሳይሆን ለሆድ ማሰብ ነው። በሰሙነ ሕማማት ቢውል ነገሩ ሌላ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ጸሎተ ፍትሐት ስለማይደረግ ነው በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ለምእመናን የሚደረገው። የእናንተ ቀን ግን ከዚያ በፊት ከሆነ የሚከለክል ነገር የለም።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ለካህናቱ የሚሰጠው ስም የክርስትና ስማቸው ነው። መንደሩ ሁሉ በሚያውቃቸው ስም ኖረው በጸሎት ጊዜ ስመ ክርስትናቸውን የሚያውቅ ሰው የሚታጣላቸው አረጋውያን ብዙ ናቸው። ከቤተ ሰቡ የሚያውቅ ከሌለ የንስሐ አባታቸውን ወይም የጽዋ ማኅበራቸውን ሰዎች ጠይቁ። አንቺም ይህን ስም ያዢና ባለሽበት ሆነሽ በየዕለቱ በጸሎትሽ አንሺው፤ ቤተ ክርስቲያን ካለበት ከተማ የምትሄጂበት ቀን ሲገጥምሽም ለካህኑ አስመዝግቢው።

ፎቶግራፋቸውን በክፍልሽ ማኖር ነውር የለበትም። በጸሎት ቦታሽ ከቅዱሳት ሥዕላት አጠገብ አቁመሽ በፊቱ መጸለይ ግን አይገባሽም። ቅድስናን መርምሮ የሚወስን ቅዱስ ሲኖዶስ ነው፤ እኛ በመውደዳችን ብቻ ለአንድ ሰው የምንሰጠው ማዕርግ አይደለም። አያትሽ ደግ ሰው እንደነበሩ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ደግ ሰውም ምሕረትን ይሻልና አንቺ ስለ እሳቸው ለምኚ እንጂ ወደ እሳቸው አትለምኚ። በዕለቱ የሕይወት ታሪካቸው የሚነበብ ከሆነም ያልነበሩትን አትጻፉላቸው። በየወሩ በ12 ጽዋቸውን አለማስታጎላቸው፣ እህል ከመቅመሳቸው በፊት ዳዊታቸውን መድገማቸው፣ ወላጅ ሆነው አንቺን ማሳደጋቸው ቢነገር ይበቃል።

ስለ ዳዊቱ ከቤተ ሰቡ ግእዝ የሚያነብ ካለ እርሱ ይውሰደው፤ ከሌለም ለደብሩ ወይም ለአንድ የአብነት ተማሪ ይሰጥ። ከማኅደሩ (ከቆዳ መያዣው) ሳይወጣ ሣጥን ውስጥ መታሰቢያ ሆኖ ከሚቀመጥ፣ የጧፍ ሰም የተንጠባጠበበት ገጹ እየተገለጠ ቢደገምበት ለእሳቸውም ይበልጥባቸዋል። ያዕቆብ የልጅ ልጆቹን ኤፍሬምንና ምናሴን ሲባርክ አያቱን አብርሃምን እያነሣ ስሜም የአባቶቼም ስም በእነርሱ ይጠራ ብሏል (ዘፍ. 48፥15-16)፤ የአያትሽም ስም በአንቺ የሚጠራው እሳቸው የሚጸልዩትን ስትጸልዪ ነው። እሳቸው እንደሚያደርጉት ሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30 እያልሽ የየዕለቱን ድርሻ ለማድረስ ሥራሽ ጊዜ እንደማይሰጥሽ ይገባኛል። በስልክሽ ላይ በአማርኛም ቢሆን መዝሙር 50ን ጠዋት ሥራ ከመጀመርሽ በፊት፣ ማታ ደግሞ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሚ። ጊዜ ስታገኚ የምትጨምሪውን ከንስሐ አባትሽ ጋር በስልክ ተነጋገሪበት።