በ16 ዓመት መምረጥ አይቻልም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? 16 ዓመቴ ነው። ጠዋት ኮምቦልቻ 10ኛ ክፍል እማራለሁ፤ ከሰዓት የደሴ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። ሐረጎን እስክንወጣ ተሳፋሪው ስለ ምርጫ ያወራል። እኔ አንድ ነገር ጣል ካደረግኩ «አንተ ልጅ፣ ሂሳብህን ሰብስብ» ይሉኛል። ውጭ አገር በ16 ይመረጣል የሚባለው እውነት ነው? እኛ ጋስ ለምን አይሆንም?
ረዳቱ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽር የኔ ልጅ። ሂሳብ ካሉህማ በሂሳብ እንነጋገር።

አዎ፣ እውነት ነው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1988፣ ኦስትሪያ በ2007፣ ማልታ በ2018 በ16 መምረጥ ፈቅደዋል። እኛ ጋ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ 18 ይላል። በጃንሆይ ጊዜ፣ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት፣ 21 ነበር። አንዴ ዝቅ ብሎ ያውቃል ማለት ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ሥነ ዜጋ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። በ2013ቱ ምርጫ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሆጤ አካባቢ ሊመዘገብ ሄደ። መዝጋቢዋ የትምህርት ቤት ካርዱን ገልጣ አየች። 18 የሚሞላው ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ድምፅ የሚሰጠው ሰኔ 14። ሕጉ ደግሞ የሚያየው የምዝገባውን ቀን ነው። ልጁ ካርዱን አጣጥፎ ወጣ። ምርጫው በየአምስት ዓመቱ ስለሆነ ተራው የሚደርሰው 23 ሊሞላው ሲል ነው።

ስለዚህ ወረቀቱ 18 ይበል እንጂ፣ የመጀመሪያው ድምፅ ከ18 እስከ 23 ባለው መሃል የትም ሊወድቅ ይችላል። ወደ 16 ቢወርድ ከ16 እስከ 21 ይሆናል። አብዛኛው አዲስ መራጭ ያኔም ከ18 በላይ ነው። «ሕፃናት አገር ሊመሩ ነው» ለሚሉህ ተሳፋሪዎች ይህን አስላላቸው።

ደግሞ ሌላው ሕግ መቼ እናንተን ልጅ ናቸው ብሎ ተወ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ15 ዓመት መቀጠር ይፈቅዳል። አያድርገውና ወንጀል ብትሠራ፣ 15 ካለፈህ ቅጣቱ ሊቀልልህ ቢችልም የምትዳኘው በመደበኛው ሕግ ነው።

ችግር የለውም አልልም። ብስለት አላችሁ የላችሁም የሚለው ክርክር ብዙም አይጥመኝም፤ ስንት ያልበሰለ ሽማግሌ አለ! ጭንቁ የዕድሜ ማስረጃው ላይ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው፤ አንተ የተወለድከው ከዚያ በፊት ነው። የቀበሌ መታወቂያ 18 ሳይሞላህ አይሰጡህም። ታዲያ 16 መሆንህን በምን ታሳያለህ? የ14 ዓመቱ ታናሽህ «እኔም 16 ነኝ» ብሎ ቢሰለፍስ? በዚያ ላይ አንቀጽ 38ን ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶችና ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች መስማማት አለባቸው። ቀልድ አይደለም።

እኔን ከጠየቅከኝ፣ ከከተማ ምክር ቤት ይጀመር ባይ ነኝ። አንዳንድ የጀርመን ክልሎች እንዲያ አድርገዋል። መናኸሪያው ሲዘንብ የቱ ጋ ውሃ እንደሚቋጥር ከአንተ በላይ የሚያውቅ የምክር ቤት አባል የለም።

እስከዚያው፣ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን የሰጠው «ማንኛውም ሰው» ብሎ ነው፤ ዕድሜ አልጠቀሰም። ከጓደኞችህ ጋር ስለ መናኸሪያው ጻፉና ለከተማው ምክር ቤት አስገቡ። ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጉ። የትውልድ ቀንህም ካርድህ ላይ በትክክል መጻፉን አሁኑኑ እይ። ስህተት ካለው ዛሬውኑ አስተካክል፤ የምዝገባ ሰሞን ሰልፉ አይቻልም።