ቀይ ጤፍ የምታህል ዝንብ

ባለፈው ሳምንት ሰንዳፋ አካባቢ ንብ የሚያነብ ወጣት ፎቶግራፍ ላከልኝ። በንግሥቲቱ ጀርባ ላይ ቀይ ነጥብ ተለጥፏል። «ቫሮዋ ነው፤ ምን ልርጭበት?» ይላል፤ ንብ ላይ የሚጣበቀውን መዥገር መሰል ተባይ ማለቱ ነው። መልስ ልጽፍለት ስቀመጥ የሱሉልታው ሽማግሌ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

መስከረም 1979 ዓ.ም. ነበር፤ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ገና ከትምህርት የወጣሁ ባለሙያ ነበርኩ፤ ነጭ ጋዋን ሳይቀር ለብሼ ነበር፣ ለቀፎ! ንቦቹን ከባህላዊው ቀፎ ወደ ሣጥን ስናዛውር ሽማግሌው አውራውን አሳዩኝ። «ንግሥት» የሚለውን የእኛን ቃል አይወዱትም። ትከሻው ላይ ቀይ ጤፍ የምታህል ነገር ተቀምጣለች።

«መዥገር ነው፤ ደም ይመጥጣል» አልኳቸው።

«የለም ልጄ፣ ዝንብ ነው። የአውራውን አፍ እየነካካ ይለምነዋል። ሲያጎርሰውም አይቻለሁ።»

ሳቅኩባቸው። ክንፍ የሌለው ዝንብ! ማጉያ መነጽሩ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ሦስት ቀን በትምባሆ ጭስ አጠንኩት። በአራተኛው ቀን ንቦቹ ሣጥኑን ጥለው ኮበለሉ።

ብራውላ ይባላል፤ መጻሕፍት «የንብ ቅማል» ቢሉትም ዝንብ ነው። የቤተሰቡ ዝርያዎች አሥር አይሞሉም፤ ሁለቱ የሚኖሩት በኔፓል ትላልቅ ንቦች ላይ ነው። ክንፍ የለውም፤ የእግሩ ጥፍር ግን እንደ ሚዶ ተሠርቶ የንቧን ፀጉር ጨምድዶ ይይዛል። አይነክስም፣ ደምም አይመጥም። ከንቧ አፍ ጉርሻ ይሰርቃል፤ እጩም፣ ማለት ትሉ፣ በማር እንጀራው ክዳን ሥር ሰም እየቦረቦረ ያድጋል። የዘረመል ጥናት ደግሞ የበሰለ ሙዝ ላይ ከሚያንዣብቡት ጥቃቅን ዝንቦች ወገን አድርጎታል።

ልጆች፣ ከመጽሐፍ በፊት ዓይናችሁን እመኑ። እኔ ራሴ ሽማግሌውን ያመንኳቸው መጽሐፍ ላይ ሳነበው ነው፤ ይሁን። የዛሬ ወጣት ደግሞ ፎቶ ያነሣል እንጂ ጎንበስ ብሎ አያይም፤ የላከልኝም ምስል ደብዛዛ ነው። «እግሩን ቁጠር» ብዬ መለስኩለት። ቫሮዋ ስምንት አለው፤ ስድስት ከሆነ ምንም አትርጭ።

በዚያው ኅዳር ሱሉልታ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ሣጥኑ ባዶውን ተቀምጧል፤ ዶሮ ጥላው ሥር ታቅፋለች። ሽማግሌው አልተቆጡኝም፤ ቡና አስፈልተው አጠጡኝ። ስኒውን ስመልስ ብቻ፦

«ለመሆኑ ያ ዝንብ አብሯቸው ሄደ?» አሉኝ።