«ፒ» እያለ የእጅ ፍሬን ምን ያደርጋል?

እህታችን ትናንት የጠየቀችው ጥያቄ ብዙ ሰው ዘንድ ስላለ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ላላነበባችሁ፣ ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው። አውቶማቲክ ቪትዝ ገዝታለች። ቤቷ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ነው፤ መኪናዋን ደጅ ታቆማለች። ማታ ማርሹን ፒ (ፓርኪንግ) ላይ አድርጋ፣ ሞተር አጥፍታ ትገባለች። ጠዋት ማርሹን ከፒ ስታወጣ «ጓ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ መኪናውም ይናጣል። ወንድሟ ደግሞ «አውቶማቲክ የእጅ ፍሬን አያስፈልገውም፣ እንደውም ከያዝሽው ይነክሳል (አልለቅ ይላል)» ብሏታል።

እህቴ፣ የእጅ ፍሬን ሁልጊዜ ያዢ። ሜዳ ላይም ቢሆን ያዢ። ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ ከፒ በፊት ያዢ። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

እኔ ጋራዥ ነው የምውለው። የሚመጣልን መኪና አብዛኛው አውቶማቲክ ነው። ባለቤቶቹ ፒን እንደ ፍሬን ነው የሚያዩት። ፒ ግን ፍሬን አይደለም። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ፣ ወደ ጎማ ኃይል የሚያወጣው ክፍል ላይ፣ ዙሪያውን ጥርስ ያለው ቀለበት አለ። አጠገቡ አንዲት አጭር የብረት ምላስ አለች። ማርሹን ፒ ስታደርጊ ይቺ ምላስ ከጥርሶቹ መሀል ገብታ ትቀረቀራለች። በቃ፣ ይሄው ነው። እንደ ፍሬን ተጣብቆ የሚይዝ ሸራ የለም፣ የሚጨብጥ ነገር የለም። አንዲት ብረት ናት ወደ 1,000 ኪሎ የሚጠጋውን መኪናሽን ይዛ የምታድረው።

አሁን ወደ ጠዋቱ «ጓ» እንምጣ። ማታ ማርሹን ፒ አድርገሽ እግርሽን ከፍሬን ላይ ስታነሺ መኪናው ትንሽ ሸርተት ብሎ ይቆማል አይደል? ያኔ ሙሉ ክብደቱ ምላሷ ላይ አረፈ ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንደዚያው ያድራል። ጠዋት ማርሹን ስትስቢ ያን ሁሉ ጭነት የተሸከመችውን ብረት ፈልቅቀሽ ነው የምታወጪው። ድምፁም መናጡም ከዚያ ነው የሚመጣው። ማርሹ አንዳንዴ አልወጣ ብሎ ይታገልሽ እንደሆነም ምክንያቱ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ለሌላ ችግር የተፈታ ካምቢዮ ላይ ይቺን ብረት አውጥተን አይተናታል። ጫፏ ጠርዙ ስል መሆን ሲገባው እንደ ተላሰ ከረሜላ ዞሯል። የቀለበቱ ጥርሶችም በአንድ በኩል ተበልተዋል። ባለቤቱን ስንጠይቀው ቀጨኔ ዳገት ላይ ነው የሚያቆመው፣ የእጅ ፍሬን ይዞም አያውቅም። ብረቷ ራሷ ውድ ላትሆን ትችላለች። ግን እሷ ጋ ለመድረስ ካምቢዮ ይወርዳል፣ ይፈታል። የካምቢዮ ሥራ ስንት እንደሚጠይቅ እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ማታ ስታቆሚ እንዲህ አድርጊ። መኪናው ቆሞ ፍሬኑን እንደረገጥሽ ማርሹን ኤን (ኒውትራል) ላይ አድርጊ። የእጅ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገሽ ሳቢ። ከዚያ እግርሽን ከፍሬኑ ላይ ቀስ ብለሽ አንሺ። መኪናው ትንሽ ተንቀሳቅሶ የእጅ ፍሬኑ ላይ ሲያርፍ ይሰማሻል። ይሄን ሳታዪ አትለፊ፤ ክብደቱ ማን ላይ እንዳረፈ የምታውቂው እዚህ ጋ ነው። ከያዘ፣ መልሰሽ ፍሬን ረግጠሽ ፒ አድርጊና ሞተሩን አጥፊ። አሁን መኪናውን የያዘው ከኋላ ጎማዎቹ ያለው ሸራ ነው። ምላሷ ያለ ጭነት ተቀምጣ መጠባበቂያ ሆነች። ጠዋት ደግሞ ፍሬን ረግጠሽ አስነሺ፣ ማርሹን ዲ አድርጊ፣ የእጅ ፍሬኑን መጨረሻ ላይ ልቀቂ። የእጅ ፍሬኑን ቀድመሽ ከለቀቅሽ ክብደቱ ተመልሶ ምላሷ ላይ ይወድቃል፣ የማታው ልፋትሽ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

መሪውንም አትርሺ። ፊትሽን ወደ ቁልቁለቱ አድርገሽ ከቆምሽ የፊት ጎማዎቹን ወደ ቀኝ፣ ወደ መንገዱ ዳር አዙሪያቸው። ወደ ዳገቱ ከሆነና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ካለ ወደ ግራ አዙሪ፤ መኪናው ወደ ኋላ ቢንሸራተት ጎማው ጠርዙ ላይ ተደግፎ ይቆማል። ጠርዝ ከሌለ ወደ ቀኝ ይሁን፤ ቢሄድ እንኳ ወደ ዳር ይውጣ እንጂ አስፋልቱ መሀል አይግባ።

«እኔ ሜዳ ላይ ነው የማቆመው» ለምትሉ፣ ሁለት ነገር ላንሳ። አንደኛው፣ ሰው ቆሞ ያለ መኪና ይገጫል። ከኋላ ጠንከር ያለ ግጭት ሲመጣ ፒ ብቻ ከሆነ የያዘው ዱላው የሚያርፈው ምላሷ ላይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማርሹ ፒ መግባቱን እርግጠኛ የምንሆነው ሁልጊዜ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፎርድ መኪኖች ሞተራቸው እየሠራ፣ ፒ ላይ ናቸው ተብለው ሳሉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ የሚል አቤቱታ በዝቶ ነበር። በ1980 መጨረሻ ኩባንያው ወደ 23 ሚሊዮን ለሚሆኑ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ ለመላክ ተስማማ። ፒ መግባቱን አረጋግጡ፣ የእጅ ፍሬን በደንብ ያዙ፣ ሞተር አጥፉ የሚል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ወጣቱ ተዋናይ አንቶን ዬልቺን ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ገና በ27 ዓመቱ፣ በራሱ መኪና ሞተ። ጂፕ ግራንድ ቸሮኪው በቤቱ ተዳፋት መግቢያ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከጡብ ምሰሶና ከአጥሩ ጋር አጣበቀው። የዚያ ሞዴል ማርሽ ገፍተሽ ስትለቂው ወደ መሀል የሚመለስ ዓይነት ነበር። በዚህ ምክንያት ሹፌሮች ፒ ሳይገባ የገባ እየመሰላቸው ይወርዱ ነበር፤ የጂፕ አምራቹም አደጋው ከመድረሱ በፊት መኪኖቹን ለማስተካከያ ጠርቶ ነበር። ይሄን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ልጆች በሚጫወቱበት ሰፈር ነው የምናቆመው።

ወንድምሽ «ይነክሳል» ያለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። የእጅ ፍሬን የሚነክስባቸው ሁኔታዎች አሉ። ክረምት ላይ መኪና ታጥቦ ወይም ውኃ ውስጥ አልፎ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ለሳምንታት ሲቆም የኋላው ሸራ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ላይ ይጣበቃል። በረዶ አገር ያላችሁም በብርዱ ወራት ሲቀዘቅዝ ይይዝባችኋል። መኪናው ረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ሜዳ ቦታ ፈልጉ፣ ፒ አድርጉ፣ ጎማው ሥር ከፊትም ከኋላም ታኮ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ተዉት። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። የሚነክሰው የማይሠራበት የእጅ ፍሬን ነው። ካቮው፣ ማንሻውን ከኋላ ፍሬኖቹ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ፣ በሽፋኑ ውስጥ ነው የሚመላለሰው። ለዓመታት ካልተሳበ ውስጡ ውኃና አቧራ ገብቶ ይዝጋል። ከዚያ አንድ ቀን ስትስቢው ወይ አይይዝም፣ ወይ ከያዘ በኋላ አይለቅም። ጋራዥ የሚመጣልን «የነከሰ» የእጅ ፍሬን በአብዛኛው ታሪኩ ይሄ ነው።

የእጅ ፍሬን ሳይለቁ መንዳት ግን እውነተኛ ችግር ነው፤ አውቶማቲክ ላይ ደግሞ ይብሳል። ማኑዋል ቢሆን ሞተሩ ይጠፋብሽ ነበር። አውቶማቲክ ግን እየጎተተም ቢሆን ይሄድልሻል። መኪናው ከበድ ሲልሽ፣ ከኋላ የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ ነው የምታውቂው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቀይ መብራት ማየት ልማድ ይሁንሽ። ማንሻውን ለቀሽም መብራቱ ካልጠፋ የፍሬን ዘይት ጎድሎ ሊሆን ስለሚችል እሱን አሳዪ።

ጎማ ስትቀይሪ ደግሞ ፒን ፈጽሞ አትመኚ። ቪትዝ የሚጎተተው በፊት ጎማ ስለሆነ ፒ የሚይዘው የፊቶቹን ብቻ ነው። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ ስታነሺው የተነሳው ጎማ በነፃ ይዞራል፤ ዲፈረንሻሉ (ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ክፍል) ስለሚፈቅድለት መሬት ላይ ያለውም ጎማ መዞር ይችላል። ፒ ላይ እያለ መኪናው ይሄዳል ማለት ነው! የኋላውን የሚይዘው የእጅ ፍሬን ነው። እሱን ይዘሽ፣ በሰያፍ ያለው ጎማ ሥር ታኮ ወይም ትልቅ ድንጋይ አስገብተሽ ነው ክሪክ የሚገባው።

ፓርኪንግ ሲጠብ ደግሞ ልጆቹ «ኒውትራል አርገሽ ሂጂ፣ የእጅ ፍሬን አትያዢ፣ እኛ እንገፋዋለን» ይላሉ። መሬቱ እውነት ሜዳ ካልሆነ እሺ አትበያቸው። ለዓይን ሜዳ የሚመስል ብዙ የከተማችን ቦታ ተዳፋት ነው።

መንገድ ላይ ፍሬን እምቢ ቢልሽስ? ይሄን የጠየቀ የለም፤ እንጦጦን ወይም የአባይ በረሃን ለሚወርድ ሰው ግን መታወቅ አለበት። ማርሹን ወደ ከባዱ፣ ኤል ወይም ቢ ወደሚለው አምጪ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሻል። ከዚያ የማንሻውን ቁልፍ እንደተጫንሽ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልሽ ሳቢ። ጎማው መንሸራተት ከጀመረ መለስ አድርጊው። በአንዴ ከሳብሽው የኋላው ጎማ ይታሰርና መኪናው ይዞርብሻል። እየሄደ ያለ መኪና ላይ ፒ ማስገባት ግን በጭራሽ አይሞከርም። ምላሷ ጥርሶቹ ላይ ትንቀጫቀጫለች፣ ትሰበራለችም እንጂ አታቆምም።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ልጆችም አላችሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ቁጥራችሁ እየበዛ ነው። ብዙዎቹ ላይ ማንሻ የለም፣ በጣት የሚሳብ ቁልፍ ነው። ፒ ስትጫኑ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ፍሬኑ ራሱ ይያዛል፤ ከኋላ ጎማ በኩል «ዝዝዝ» የሚል የትንሽ ሞተር ድምፅ ትሰማላችሁ። ድምፁን ሰምታችሁ፣ መብራቱን አይታችሁ ውረዱ። አውቶ ሆልድ የሚባለው፣ እግራችሁን ከፍሬን ብታነሱም መኪናውን ለጊዜው የሚይዘው፣ ለትራፊክ መብራት ነው እንጂ መኪና አቁሞ ለመሄድ አይደለም። እባካችሁ ይሄን ደግሞ ለመካኒካችሁ ንገሩ፦ የኋላ ፍሬን ሸራ ሲቀየር መጀመሪያ በኮምፒውተር ወይም አምራቹ በሚያዘው መንገድ ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለበት። እንደ ድሮው በጉልበት ሲገፋ ያቺ ትንሽ ሞተር ትበላሻለች። ይሄ ስህተት ብዙ ጋራዥ ውስጥ አለ።

እህቴ፣ አሁን ላንቺ መኪና። መጀመሪያ የእጅ ፍሬንሽ መያዙን ፈትሺ። ሰው በሌለበት ዳገት ላይ ሞተሩ እየሠራ ፍሬን ርገጪ፣ ኤን አድርጊ፣ የእጅ ፍሬን ሳቢ፣ እግርሽን ከፍሬኑ ሳታርቂ ቀስ ብለሽ አንሺ። መኪናው ከተንሸራተተ፣ ወይም ማንሻው ቀጭ ቀጭ እያለ እስከ ጣሪያው ድረስ ዝም ብሎ ከወጣ፣ ወይ ሸራው አልቋል ወይ ካቮው ላልቷል። ጋራዥ ስትሄጂ «ካቮውን አጥብቁልኝ» ብለሽ አትጀምሪ። መጀመሪያ የኋላው ታምቡር ተከፍቶ ሸራው ይታይ፤ ሸራው አልቆ ካቮ ቢጠበቅ ችግሩ ተደበቀ እንጂ አልተፈታም። እሱ ከተስተካከለ በኋላ የጻፍኩልሽን ቅደም ተከተል አንድ ሳምንት ሞክሪው። «ጓ» የሚለው ድምፅ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ፣ ሜዳ ላይም ከፒ ወደ ዲ ስትቀይሪ የሚሰማ ከሆነ፣ የሞተር መያዣ ጎሚኒዎቹን አስፈትሺና ውጤቱን እዚሁ ጻፊልን።