ያረጀ ፈረስና የተጎዳ ፈረስ አንድ አይደሉም፦ ከጣና ዳር የፈረስ ወዳጆች ጋር ጥያቄና መልስ

እሁድ ከሰዓት ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ስለ ፈረስ የምንጨዋወት ሰዎች አለን። አንዳንዶቻችን የእንግሊዝን የመሰናክል እሽቅድምድም በዲሽና በስልክ እንከታተላለን። አንዳንዶቻችን የአዊ ልጆች ነን፤ ልባችን ያለው ጥር 23 ኢንጅባራ ላይ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ሰሞኑን አንድ ክርክር አላስቀምጥ ብሎናል። ትልቅ ውድድር ሲደርስ ዕድሜው የገፋ፣ ወይም ተጎድቶ የተመለሰ ፈረስ ይደገፋል ወይ፣ ማለትም ያሸንፋል ተብሎ ብር ይያዝበታል ወይ? እኔ በፈረስ ጀርባ ላይ ነው ያደግሁት። ከዚያም በእንስሳት ሕክምና ብዙ ዓመት ሠራሁ። ስለዚህ «እኛ እንጠይቅ፣ አንተ መልስ» አሉኝ። እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ። የውጭዎቹን ውድድሮች ዓመትና ወር ያስቀመጥኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥ፦ ጋሼ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ንገረን። ያረጀ ፈረስ ይደገፋል ወይስ አይደገፍም? (ከሽምብጥ)

መ፦ ያረጀውን እደግፋለሁ። የተጎዳውን አልደግፍም። ክርክራችን የተምታታው ሁለቱን አንድ ስላደረግናቸው ነው። እርጅና ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ሲመጣም ይታያል። አምና ዘና ብሎ ይከተለው የነበረውን ሩጫ ዘንድሮ ገና ከግማሹ ጋላቢው ሲገፋው ታያለህ። መሰናክል ሲዘል አንድ እርምጃ ያሳጥራል። ጉዳት ግን ይደበቃል። ፈረሱ ግጦሽ ላይ ደህና ነው፣ ሶምሶማ ላይ ደህና ነው። ሙሉ ኃይሉን የተጠየቀ ቀን፣ በደከመበት ሰዓት፣ ያኔ ይወጣል።

ጥ፦ «አረጀ» የሚባለው ስንት ዓመት ሲሞላው ነው?

መ፦ እንደ ውድድሩ ነው። በሜዳ ላይ፣ ያለ መሰናክል የሚሮጡት በ2 ዓመታቸው ይጀምራሉ፤ 4 እና 5 ዓመት ጉልበታቸው ነው። መሰናክል የሚዘሉት ዘግይተው ይበስላሉ፤ ከ7 እስከ 9 ባለው ነው የሚያምሩት። በነገራችን ላይ እነሱ ዘንድ የእሽቅድምድም ፈረስ ሁሉ ዕድሜው የሚቆጠረው በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት ነው። የካቲት የተወለደውም ግንቦት የተወለደውም እኩል አንድ ዓመት ይጨምራል።

አሁን ሁለቱን ትልልቅ የእንግሊዝ የመሰናክል ውድድሮች ተመልከቱ። የቼልተንሃም ጎልድ ካፕ 5 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም እኩል ክብደት ይሸከማል፤ ፍጥነት ይጠይቃል። እዚያ በ1969 ዋት ኤ ሚዝ የሚባል የ12 ዓመት ፈረስ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ከ10 ዓመት በላይ የሆነ አላሸነፈም። ግራንድ ናሽናል ግን 7 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚጎድለው፤ መሰናክሉ 30 ነው። በ1853 ፒተር ሲምፕል በ15 ዓመቱ አሸንፎታል። በ2004 ያሸነፈው አምበርሊ ሃውስም 12 ዓመቱ ነበር። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ናሽናል ላይ ጎበዙ ብዙ ኪሎ ይጫንበታል። ሽማግሌው ፍጥነቱ ሲቀንስ ደረጃውም ይወርዳል፣ ሸክሙም ይቀልለታል። ልምዱ ግን አይወርድም። አሁን አሁን ግን ወጣቶቹ እየበረቱ ነው። በ2022 ኖብል ዬትስ በ7 ዓመቱ ሲያሸንፍ፣ ከ1940 ወዲህ በዚያ ዕድሜ የመጀመሪያው ነበር።

ጥ፦ ስለ ካውቶ ስታር ተከራክረን ተኳርፈናል። እኔ «በ2012 ጎልድ ካፕ ሊደገፍ ይገባው ነበር» እላለሁ፣ ጓደኛዬ «በጭራሽ» ይላል። ማነው ልክ? (ከግሽ ዓባይ)

መ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ከፈረስ ሁሉ እንደሱ የወደድኩት የለም።

ካውቶ ስታር ጎልድ ካፕን በ2007 እና በ2009 ወስዷል። በፈረንጆች ገና ማግስት ኬምፕተን ላይ የሚደረገውን ኪንግ ጆርጅ ደግሞ በድምሩ 5 ጊዜ። በ2011 ግን ሎንግ ረን የሚባል ወጣት መጣና ደጋግሞ ቀደመው። በዚያው ዓመት ግንቦት አየርላንድ ውስጥ ሲሮጥ ሩጫውን አቋርጦ ወጣ። «በቃው፣ ይረፍ» ያላለ አልነበረም። ኅዳር ላይ በ11 ዓመቱ ሄይዶክ ላይ ተሰለፈ። ገና ከጅምሩ ከፊት ከፊት ሆኖ፣ እያንዳንዱን መሰናክል እንደ ልጅነቱ እየዘለለ፣ ያንን ሎንግ ረንን ጥሎት ገባ። ሕዝቡ ያለቅስ ነበር። ከወር በኋላ አምስተኛውን ኪንግ ጆርጅ ጨመረ።

ከዚያ 2012 ገባ፤ 12 ዓመት ሞላው። ጎልድ ካፑ ሳምንታት ሲቀሩት ልምምድ ላይ ክፉኛ ወደቀ። አሰልጣኙ ፖል ኒኮልስ ይሮጣል አይሮጥም እያለ ሰነበተ። በመጨረሻ አገገመ ተብሎ ገባ። ሩጫው ገና ሳይጋጋል ጋላቢው ሩቢ ዋልሽ ልጓሙን ሳብ አድርጎ አወጣው። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት።

እንግዲህ ፍርዱ ይኸው። ኅዳር ላይ ቢደገፍ ልክ ነበር። ክረምቱን አርፏል፣ ያልተሰበረ ያልታመመ ፈረስ ነው፤ ጥፋቱ ጥቂት መጥፎ ሩጫ ብቻ ነው። መጋቢት ላይ ግን አይደገፍም፤ ሰውነቱ ከመውደቅ ገና አልወጣም። ፈረሱ ያው ነው፤ በመካከሉ ያለፈው 4 ወር ነው። የለወጠው ዕድሜው ሳይሆን ያ አወዳደቅ ነው። ስለዚህ ጓደኛህ ልክ ነው። ታረቁ።

ጥ፦ ልቡ የታመመ ፈረስስ?

መ፦ የልብ ሕመም ከጅማት ጉዳት ይሻላል፤ ምቱ ሊስተካከል ይችላል። ግን የመጨረሻዋ ጉልበት ተመልሳ ለመምጣቷ ማረጋገጫ የለም። ዴንማን በ2008 ካውቶ ስታርን አሸንፎ ጎልድ ካፕ ወሰደ። በዚያው ዓመት የልቡ ምት ተዛባ። ታክሞ ተመለሰና በ2009፣ በ2010፣ በ2011 ሦስቱንም ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። ሁለተኛ መውጣት ትልቅ ክብር ነው። «ያሸንፋል» ብሎ ብሩን ያስያዘ ሰው ግን ሦስቴም አጥቷል።

ስፕሪንተር ሳክረን ደግሞ እዩት። በ2013 መጨረሻ ኬምፕተን ላይ በሩጫ መሃል ቆመ፤ የልቡ ምት ተዛብቶ ነበር። በ2015 ሲመለስ በስሙ የደገፉት ሁሉ ተጎዱ፤ ደጋግሞ ተሸነፈ። ኅዳር ላይ አሸነፈ። ታኅሣሥ ላይም ደገመ። መጋቢት 2016 በ10 ዓመቱ ቻምፒየን ቼዝ የሚባለውን ትልቅ ውድድር መልሶ ወሰደ። እኔ የምሄደው በዚህ ነው። ተጎድቶ ሲመለስ የመጀመሪያውን ሩጫ ዝም ብዬ አያለሁ። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው፤ ሁለቴ ያሳየኝ፣ ከዚያ እደግፈዋለሁ።

ጥ፦ ጅማት ጅማት ትላለህ። እስቲ በደንብ አስረዳን።

መ፦ የፊት እግሩን፣ ከጉልበቱ በታች፣ ከአጥንቱ ኋላ ይዳስሱት። ጤነኛ ጅማት እንደ ተወጠረ የክራር ጅማት ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ጠንካራ፣ ዳርና ዳሩ የሚለይ። የታመመው ይሞቃል። ወፈር፣ ለስለስ ይላል። ሲብስ ከጎን ሲያዩት እንደ ሙዝ ጎበጥ ይላል። ሁልጊዜ ግራና ቀኙን አወዳድሩ፤ ጠዋት፣ ፈረሱ ሳይንቀሳቀስ በፊት።

የተበጠሰው ክር ሲድን በጠባሳ ነው የሚድነው። ጠባሳ ደግሞ እንደ መጀመሪያው አይለጠጥም። አንድ ዓመት ማሳረፍ የተለመደ ነው፤ ዓመት አርፎም እዚያው ወይም አጠገቡ ድጋሚ ይበጠሳል። ውጭ አገር በአልትራሳውንድ ያዩታል። እኛ ያለን እጃችን ነው፤ እጅም ካስለመዱት ብዙ ይናገራል።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። የ19 ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ አንድ ዳማ ፈረስ ነበረው፤ 14 ዓመቱ። ጥር 23 ሊደርስ 5 ቀን ሲቀረው ጠዋት ግላሱን ልጭንበት ስል የግራ እግሩ ሞቀኝ። ቀኙ ቀዝቃዛ ነበር። አያነክስም። ለአባቴ አልነገርኩትም፤ ብነግረው እንደሚያስቀረኝ አውቄያለሁ። ጉግሱ ሦስተኛ ዙር ላይ ሽምጥ እየጋለብኩ ከሥሬ ጎደለ። አልሞተም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሮጦ አያውቅም። ማታ አባቴ እግሩን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠበ ሁሉን ነገርኩት። «እጅህ ነግሮህ ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እስካሁን ፈረስ ስመረምር ከግራው የፊት እግር ነው የምጀምረው።

ጥ፦ ከሳንባው ደም የሚፈሰውስ?

መ፦ በከባድ ሩጫ የሳንባ ትንንሽ የደም ሥሮች መቀደድ በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙው ሳይታይ ያልፋል። በአፍንጫው የወጣ ቀን ግን አትደግፉት፤ ሊደግመው ይችላል። ቤስት ሜት ጎልድ ካፕን ከ2002 እስከ 2004 ሦስቴ በተከታታይ ወሰደ። በ2005 ለአራተኛው ሲዘጋጅ የደም ሥሩ ፈነዳና ቀረ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ወደ ሩጫ ተመለሰ። ሜዳው ላይ ወደቀና ሞተ፤ 10 ዓመቱ ነበር። አስከሬን ያየ ሐኪም ስላልሆንኩ አንዱ ሌላውን አመጣ አልልም። ግን ከዚያ ወዲህ በአፍንጫው ደም ያየሁበትን ፈረስ ለትልቅ ውድድር ደግፌ አላውቅም።

ጥ፦ ቤቲንግ ቤት ስክሪኑ ላይ የሚሮጡት ፈረሶችስ? ትኬት ስቆርጥ ዕድሜያቸውን የት ላግኝ? (ከፋሲሎ)

መ፦ ወንድሜ፣ እነሱ ፈረስ አይደሉም። ኮምፒውተር የሚያወጣው ዕጣ ነው። እግር የለም፣ ሳንባ የለም፣ እርጅና የለም። እዚህ የጻፍኩት አንዱም አይሠራበትም። ብርህን ያዝ።

ጥ፦ እኔ ሌላ ነገር ያስጨንቀኛል። ሊሞት የሚችል ፈረስ ላይ መወራረድ ራሱ ግፍ አይደለም? (እህታችን፣ ከዘንዘልማ)

መ፦ እህቴ፣ ይህ ነገር እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል። በ2012 ካውቶ ስታር የወጣበትን ጎልድ ካፕ ያሸነፈው ሲንክሮናይዝድ ነው። ገና 9 ዓመቱ። አንድ ወር ሳይሞላው ናሽናል ላይ ተሰለፈ። ቢቸርስ ብሩክ የሚባለው መሰናክል ላይ ወደቀ፤ ተነስቶ ያለ ጋላቢ ሲሮጥ እግሩ ተሰብሮ ሞተ። አላረጀም፣ የታወቀ ጉዳትም አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህ መሰናክሎቹ ውስጥ የነበረው እንጨት በፕላስቲክ ተተክቷል። ተወዳዳሪውም ከ2024 ጀምሮ ከ40 ወደ 34 ወርዷል። ይህ የመጣው ሰው ስለጮኸ ነው። የኔ መልስ ይህ ነው፦ ፈረሱ ባይሮጥ ይሻለው ነበር ብዬ የማስበው ከሆነ ብር አላስይዝበትም። ቢያሸንፍም አላስይዝም። የተወራራጅ ብር ባለቤቱን «አሰልፈው» ብሎ ይገፋዋል። እኔ ከገፊዎቹ መሆን አልፈልግም።

ጥ፦ ሬድ ረም በባሕር ውሃ ዳነ ሲባል ሰማሁ። የኔን ፈረስ ጣና ውስጥ ባቆመውስ?

መ፦ ሬድ ረም ሰኮናው ውስጥ ያለው አጥንት ታሞ ነበር። አሰልጣኙ ጂንጀር ማኬይን ሳውዝፖርት በሚባል ከተማ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ያሠራው፣ ውሃ ውስጥ ያስገባው ነበር። ናሽናልን በ1973፣ በ1974 እና በ12 ዓመቱ በ1977 አሸነፈ፤ በመካከሉ ሁለት ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። ቀዝቃዛ ውሃ እግር ያሳርፋል፤ እውነት ነው። ግን የሳውዝፖርት መሬት ጠፍጣፋ፣ ጠንከር ያለ አሸዋ ነው። የጣና ዳር ብዙው ቦታ ጭቃና ደንገል ነው። ጭቃ ውስጥ እግሩን ሲነቅል ያንኑ ጅማት ይጎትተዋል። አልቅትም አለ። በባልዲ ቀድተህ 20 ደቂቃ አፍስስለት፤ ይበቃዋል።

ጥ፦ ልጄ፣ ፈረሴ 17 ዓመት ሆኖታል ብለው ነው የሸጡልኝ። አያነክስም፣ ይበላል። ጥር 23 ይዤው ልውጣ ወይ? (አንድ አባት፣ ከኢንጅባራ)

መ፦ አባቴ፣ በመጀመሪያ ጥርሱን ይዩልኝ። ከላይኛው የፊት ጥርሶች የዳሩ ላይ ከድድ የሚወርድ ጠቆር ያለ ቦይ አለ። ወደ 10 ዓመት ገደማ ብቅ ይላል፣ በ15 እስከ ግማሽ ይደርሳል፣ በ20 ጥርሱን ከላይ እስከ ታች ያካልላል። ከግማሽ አልፎ ከሆነ ሻጩ እውነት ነግሮዎታል።

ከዚያ ይውጣ እንጂ! የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲቋቋም ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ ነው። ሽማግሌ ፈረስ በዚያ ቀን ቤት መዋል የለበትም። ጥሩውን ግላስ ያልብሱትና ሰልፉ ላይ በደንገላሳ ይሂድልዎት። ጉግሱን ግን ለወጣቱ ፈረስ ይተዉለት። ሽምጥ አያስኪዱት፣ ልጆቹ ቢለምኑዎትም። ጥር 20 ኢንጅባራ እገባለሁ። ጠዋት፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ከበረት ሳይወጣ ይጠብቁኝ፤ እግሩን አብረን እንዳስሰዋለን።