ቀልሃው ላይ ያለችው ቀለበት

ጥያቄ፦ ኮሎራዶ ውስጥ አጋዘን አድናለሁ። የ308 ጠመንጃዬን የተተኮሱ ቀልሃዎች በባሩድና በአረር አምስት ጊዜ መልሼ ሞልቻቸዋለሁ። የአንዳንዱ አፍ ትንሽ ጎድጉዷል። ሁለቱ ደግሞ ከግርጌያቸው ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት አውጥተዋል። ልጣላቸው?

መልስ፦ የአፉ ነገር አያስጨንቅህ፤ ከመሞላቱ በፊት ቀልሃውን ወደ ልኩ የሚመልሰው መሣሪያ፣ ቅርጽ ማስተካከያው ውስጥ ሲገባ ይቃናል። የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ጣለው። ቀለበቷን ፍራ። ናሱ በየተኩሱ እየተሳበ እዚያ ጋ ይሳሳል። ከተበጠሰ የጋለው ጋዝ ወደ ፊትህ ነው። አንዳንዷ ቀለበት የማስተካከያው ጭረት ብቻ ናት። ለመለየት የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ጫፉን አጥፈህ የውስጥ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ዳብስ። ቦይ ላይ ከተያዘ አለቀለት። ካጠራጠረህም አትሙላው።

የጣልከውን በፒንሳ ጨፍልቀው። እኔ አንዴ ከቆሻሻ ቅርጫት መልሼ ሳነሳ ባለቤቴ ናት የያዘችኝ።