ጨረር የነካው ሽንኩርት ይበላል?

ጥያቄ፦ ፎገራ ላይ በመስኖ ቀይ ሽንኩርት አመርታለሁ። ዋጋ ሲወድቅ ላቆየው ብል በየጆንያው እያጎነቆለ አስቸገረኝ። ውጭ አገር በጨረር ያስቆሙታል ሲሉ ሰማሁ። በላተኛውን አይመርዝም? እኛስ ልንሞክረው እንችላለን?

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። ኮባልት 60 ከሚባል ብረት የሚወጣው ጋማ ጨረር ሽንኩርቱን ሰንጥቆ ሲያልፍ ውስጡ ያለው ቡቃያ እንዳያድግ ያደርገዋል። የሚሰጠው መጠን ከ50 እስከ 150 ግሬይ ነው (ግሬይ የተቀበሉት ጨረር የሚለካበት አሃድ ነው)። ሰው መላ አካሉን በአንድ ጊዜ 5 ግሬይ ቢያገኘው ለሞት ያሰጋዋልና ኮባልቱ የሚቀመጠው በወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ውስጥ ነው። ሽንኩርቱን የሚያገኘው ጨረሩ ብቻ ነው፤ ኮባልቱ አይነካውም። እርስዎም ራጅ ተነሥተው ሲወጡ ጨረር ይዘው ቤት አይገቡም። ስለዚህ ይበላል።

የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ራሱ ጨረር የሚረጭ ብናኝ። እ.ኤ.አ. በ1986 የቼርኖቤል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ሲፈነዳ ሲዚየም 137 የሚባል እንዲህ ያለ ብናኝ በነፋስ ተጉዞ ከዝናብ ጋር ግጦሽ ላይ ወረደ፤ ሣሩን የበላች ላም በወተቷ ሰጠችው። የዚህ ነገር ግማሹ እስኪጠፋ 30 ዓመት ገደማ ይፈጃል። በብሪታንያዋ ዌልስ ኮረብቶች በሚግጡ በጎች ሽያጭ ላይ የተጣለው ቁጥጥር የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ቢፈራ አይገርመኝም።

በአገራችን ጨረር ለግብርና ሲውል የሚታወቀው ቃሊቲ ላይ ነው፤ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈውን ወንድ ዝንብ ያመክኑበታል።

ለእርስዎ ሽንኩርት ግን አልመክረውም። መሣሪያው የአንድ ገበሬ አቅም አይደለም። ደግሞም ጨረሩ የሚሠራው ከተነቀለ ብዙም ሳይቆይ፣ ቡቃያው ገና ሳይነቃ ነው። መበስበስን አያስቀርም፤ ለዘር ልትከል ቢሉም አይሆንዎትም።

ይልቅ ሥራው ማሳው ላይ ነው የሚጀመረው። ዩሪያ ዘግይተው አይጨምሩ፤ የሽንኩርቱ አንገት ይወፍርና አይደርቅም። አብዛኛው ቅጠል መተኛት ሲጀምር ውኃውን ያቁሙ። ከነቀሉ በኋላ ጥላ ሥር አሳስተው ያስጡት፤ አንገቱን በጣት ሲጫኑት እርጥበት የሌለው፣ የላይኛው ልጣጭ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ እስኪሆን ይጠብቁ። ከዚያ ጆንያ ውስጥ አይጠቅጥቁት። ከመሬት ከፍ ባለ የቀርከሃ ርብራብ ላይ፣ ነፋስ ከሥርም ከጎንም እንዲያገኘው አድርገው ይዘርጉት። ክረምቱ ሲገባ የጣና ዳር እርጥበት አይምርምና ከዚያ አያሳልፉት። አንገተ ወፍራሙንና በዶማ የቆሰለውን ግን መጀመሪያውኑ ለይተው ገበያ ያውጡት።